በትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲፓርትመንቶች ይዋሐዱ ወይስ ለየብቻ ይቆዩ?

የጉማራ መምህር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ከሐይቁ ዳርና ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች የሚመጡ፣ ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ እሑድ እሑድ ከቤተሰብ ስንቅ ይዘው የሚመለሱ ልጆች ናቸው።

ሰሞኑን በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ዲፓርትመንቶች ቀርተው ሁሉም መምህር በሦስት ክፍል ይጠቃለል የሚል ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ቋንቋ። ሒሳብና አይሲቲ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባሉ፣ ስፖርት ወደ ማኅበራዊ። የቀረበው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ፊዚክስ ሁለት ነን። ኢኮኖሚክስና አይሲቲ አንድ አንድ መምህር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን ምን ስብሰባ ይጠራል? በዚያ ላይ ተጠሪ የሆነ መምህር ክፍለ ጊዜ ይቀነስለታል። ተጠሪ በበዛ ቁጥር የሚቀነሰው ክፍለ ጊዜ ተደማምሮ የሌሎቹ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

እኔን ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። የዲፓርትመንት ትልቁ ጥቅም ፈተና ከመባዛቱ በፊት ያንኑ ትምህርት የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዲያየው ማድረጉ ነው። በቅርቡ የ11ኛ ክፍል ፈተና ስናዘጋጅ ዘንድሮ ከተመደበው ወጣት ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። አንደኛው ጥያቄ ከአራቱ ቬክተር የሆነውን ምረጡ ይላል፤ ቬክተር መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለው ነው። ሀ ቴምፕሬቸር፣ ለ ማስ፣ ሐ ዲስፕሌስመንት፣ መ ሞመንተም። ሐም ቬክተር ነው፣ መም ቬክተር ነው። ልጁ ሐሳቡ ዲስፕሌስመንት ላይ ስለነበር ሞመንተምን ለማሳሳቻ ነው ያስገባው። ወዲያው በኪነቲክ ኢነርጂ ተካነው። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ፤ ተማሪ ኪነቲክ ኢነርጂን ለምን ቬክተር ይመስለዋል አልኩት። ቀመሩ ውስጥ ቬሎሲቲ ስላለ አቅጣጫም ያለው ይመስላቸዋል አለኝ። ልክ ነው። በማግስቱ ሁለታችንም በየክፍላችን ይህንኑ ነጥብ ለብቻው አንስተን አስረዳን።

አሁን ያንን ጥያቄ የሚያየው የአይሲቲ ወይም የባዮሎጂ መምህር የሆነ የጋራ ተጠሪ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ትጉህ ይሁን፣ የጥያቄ ቁጥሩንና የፊደል ግድፈቱን አይቶ ከመፈረም በቀር ምን ያደርጋል?

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። መሻሻሉ ደስ ይላል፤ ሆኖም ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ አሁንም ሳይሳካለት ይመለሳል። ባሕር ዳር ያለ ልጅ ቤተሰቡ አቅም ካለው አስጠኚ ይቀጠርለታል። የእኛ ልጅ ከመምህሩ ሌላ ማንም የለውም።

ወረታ፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ ያላችሁ፣ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው የሚሠራው? ጉዳዩ በመጪው ስብሰባ ውሳኔ ስለሚሰጥበት የሠራችሁበትን በግልጽ ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።

---

ዘጌ ማዶ

ሰላም ወንድሜ። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ካንተ እለያለሁ።

እኛ ዘንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና ዜግነት አንድ ክፍል ከሆኑ ቆይተዋል። መጀመሪያ ብዙዎቻችን ከፍቶን ነበር። አሁን ወደ ድሮው እንመለስ ብትሉኝ እሺ አልልም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ልንገርህ።

ዘጌን ታውቀዋለህ። በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሕዝቡ የሚኖረው ከደኑ ሥር በሚያበቅለው ቡና ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ስለ ደን ሳስተምር እነዚሁ ልጆች አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ የሌላው አገር ደን ሲያልቅ የእኛ ለምን ቆየ? መልሱ ጂኦግራፊ ብቻ አይደለም። የገዳማቱ ሥርዓትና ከአባቶች የወረደው ክልከላ አለበት፤ ያ የታሪክ መምህሩ ድርሻ ነው። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ሰው ዛፉን ለማገዶ ይቆርጠዋል ወይስ አይቆርጠውም የሚለው ደግሞ የኢኮኖሚክስ ነው። ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለምንቀመጥ ሦስታችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጉዳይ በየክፍለ ጊዜያችን አስተማርነው። ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ሳይቀር ሲከራከሩበት ነበር። ዲፓርትመንቱ ለየብቻ በነበረ ጊዜ እኔ የታሪክ መምህሩ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ እንኳ አላውቅም ነበር።

የሐይቁም ነገር እንደዚሁ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ጀምሮ ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩት ያደጉ ናቸው። ይህን ባዮሎጂ ብቻ ይዞት ሊጨርሰው አይችልም።

ስለ ፈተናው ያልከው ግን እውነት ነው፤ እሱን አልክድህም።

---

የቀድሞ የፔዳ ተማሪ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ደስ ብሎኛል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። በሰባዎቹ ፔዳ ተምሬ ሒሳብ ያስተማርኩት በደቡብ ጎንደርና በምዕራብ ጎጃም ትንንሽ ከተሞች ነው። ፔዳ ያኔ መምህር የሚያፈራ ኮሌጅ ነበር። የተቋቋመው በ1965 ሲሆን በ1992 ከፖሊ፣ ማለትም ከፖሊ ቴክኒኩ፣ ጋር ተጣምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። እዚያ ሳለን መጀመሪያ የተማርነው ነገር መምህር ብቻውን አይሠራም የሚል ነበር፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን እንጽፍ ነበር።

ሥራ ከወጣሁ በኋላም የሒሳብ ዲፓርትመንት አንድ ክፍል ነበረን። ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳ ላይ የእንጨት ኮምፓስና ፕሮትራክተር። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የየዓመቱ ፈተና ከነመልሱ በፋይል ተቀምጧል። አዲስ መምህር ሲመጣ መጀመሪያ የምንሰጠው ያንን ፋይል ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ምን ጠይቀው እንደነበር፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ክፍሉ በሙሉ እንደወደቀ በእርሳስ ተጽፎበታል። ለማትሪክ ተማሪዎቻችንን የምናዘጋጀው ከዚያ ነበር።

በ1997 አካባቢ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ሲገባ ብዙ ሰው ከእንግዲህ ዲፓርትመንት ምን ያደርጋል አለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፍጥነቱ የማይያዝ ነው። መምህሩ የተረፈው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አለፈ፤ አይመለስም። እኔ የምላችሁ፣ ዲፓርትመንቱ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ያን ጊዜ ነው። ከአንድ ቀን በፊት መመሪያውን ይዘን እንቀመጥና ያችን ጥቂት ደቂቃ በምን እንደምንሞላት እንስማማ ነበር። አንዳችን ቀድመን ያስተላለፈውን ክፍል ያየን እንደሆነ ነገ ለሚገባው እንነግረዋለን፤ ይኼ ምሳሌ ያምታታቸዋል፣ ቀድመህ ሰሌዳ ላይ ጻፍላቸው እያልን። ያንን ብቻውን የሆነ መምህር ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ስለዚህ የጉማራው ልጄ ሐሳብ ወደ ልቤ ይቀርባል። የዘጌዋ ልጄም ያለችው ግን መልካም ነው። ሁለታችሁ የምትጣሉበት ነገር ብዙ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላችኋለሁ፤ ክፍሎቹ ሲጣመሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ፋይል ነው። ቁም ሣጥኑ ወደ ስቶር ይሄዳል፣ ወረቀቱ መጠቅለያ ይሆናል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ተጠያቂው ስለማይታወቅ ነው። ምንም ወሰናችሁ ምን፣ ፋይሉ የማን እንደሆነ ስም ጠርታችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

---

ፖሊ 4ኛ ዓመት

እኔ ተማሪ ስለሆንኩ ባልናገር ይሻል ነበር፤ ግን የተማርኩት ከሐይቁ ዳር ባለ ትንሽ ከተማ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል።

እኛ ተማሪዎች ዲፓርትመንቱ ይጣመር አይጣመር አናውቅም ነበር። የምናውቀው ከትምህርት ሰዓት ውጭ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ነው። የኬሚስትሪ ዲፓርትመንት በር ከሰዓት በኋላ ሁሌም ክፍት ነበር። ቲቸር እዚያ ቁጭ ብላ ወረቀት ታርማለች፤ ደብተር ይዘን ስንገባ ወንበር ትስብልናለች። ሞል ኮንሰፕት የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነው። ሌሎቹ መምህራን የሚቀመጡት ትልቁ ስታፍ ውስጥ ነበር። ስታፍ ደግሞ ተማሪ አይገባም፤ በሩ ላይ ቆመህ ስም ታስጠራለህ፣ ሃያ መምህር ያይሃል። የገጠር ልጅ ያን አያደርገውም። በተለይ ሴቶቹ ፈጽሞ አይሞክሩትም ነበር።

ስትወስኑ ይህንንም ብታስቡበት። ክፍሎቹ ተጣምረው ሁላችሁም ስታፍ ብትገቡ ለእኛ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

---

የላቦራቶሪው ሰው

ከላይ ስለ ቁም ሣጥን የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቁልፍ ነው።

እኛ ጋ ሦስቱ ሳይንሶች አንድ ላቦራቶሪ ነው ያላቸው። እንደ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ማለት ነው። ዕቃው ጥቂት ቢሆንም አሲዱ አለ፣ ስፒሪት አለ፣ ማይክሮስኮፕ አለ። የኬሚስትሪ ተጠሪ ባለበት ጊዜ የጠርሙሶቹ ዝርዝር በየሴሚስተሩ ይታያል፤ ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስ ካለ ይለያል፣ አሲድ ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ ከታች ይቀመጣል። ተጠሪው የሌላ ትምህርት መምህር ሲሆን ቁልፉን ይረከባል እንጂ ውስጡን አያውቀውም። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሌላው ቢጣመር እንኳ የኬሚካሉ ኃላፊነት ከኬሚስትሪ መምህር እጅ አይውጣ።

ይህን ካልኩ በኋላ የዘጌዋ እህቴ ስለ አብሮ መሥራት ያለችውን የሚያሳይ፣ በላቦራቶሪ ያየሁትን ልንገራችሁ። 12ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ የፈሳሾች ሜካኒክስ አለ፤ ለምን ይንሳፈፋል የሚለው። የእኛ የፊዚክስ መምህር ምሳሌውን ከመርከብ ከሚያመጣ ከታንኳ ላምጣው ብሎ ልጆቹን ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አስመጣቸው። የደረቀ ግንዱን በአንድ ልክ ቆርጠው በሚዛን መዘኑት፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን ለክተው ዴንሲቲውን አሰሉ። ከዚያ ባልዲ ውስጥ በድንጋይ አስጠልቀውት አደረ። በማግስቱ አውጥተው ሲመዝኑት ከብዷል። ታንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ ለምን እየከበደ፣ ውኃ ውስጥ እየገባ እንደሚሄድና ዓሣ አጥማጁ ሌላ ለመሥራት ለምን እንደሚገደድ በቁጥር አዩት። በዚያው የባዮሎጂ መምህሩ መጣና ግንዱን በምላጭ አግድም ቆርጦ በእጅ ሌንስ አሳያቸው። ውስጡ ሁሉ አየር የሚይዝ ክፍት ክፍት ነው፤ ተክሉ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ አየር የሚያገኘው በዚያ ነው። አንድ ልጅ አባቱ ታንኳ ሠሪ ነው። ሲያስር ለምን ደህና አድርጎ እንደሚያደርቀው አሁን ገባኝ አለ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ክፍል ሲነቃ አላየሁም።

ለዚህ ግን ሁለቱ ዲፓርትመንቶች መፍረስ አላስፈለጋቸውም። ሁለት መምህራን ቡና ላይ ተነጋገሩ፣ እኔን ዕቃ አውጣልን አሉኝ፣ በቃ።

---

ርዕሰ መምህር ከሜዳው

የሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ሐሳቡን ያቀረበውን ባልደረባዬን ባላውቀውም ጭንቀቱን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ የእሱንም ወገን ማንሳት ተገቢ ነው።

የእኛን ሒሳብ ልንገራችሁ። 9ኛና 10ኛ ተደምረው 11 ሴክሽን አሉን፣ በእኛ መርሐ ግብር ፊዚክስ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ነው፤ 33 መጣ። 11ኛና 12ኛ ተፈጥሮ ሳይንስ 4 ሴክሽን፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ክፍለ ጊዜ፤ 16። ድምሩ 49። መምህራኑ ሁለት ናቸው። እኩል ቢካፈሉ 24 እና 25 ይይዛሉ። ለተጠሪው ጥቂት ክፍለ ጊዜ ልቀንስለት ብል አንዱ 22 ሌላው 27 ይሆናል። 27 ክፍለ ጊዜ የያዘ ሰው፣ በክፍል ከ60 በላይ ተማሪ እያለው፣ የትኛውን ደብተር ያርማል? ቱቶሪያል የሚሰጠውስ መቼ ነው? ይህንን በየዲፓርትመንቱ ስታባዙት ርዕሰ መምህር ለምን አዋሕዱ እንደሚል ይገባችኋል።

ሌላም አለ። መምህር በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል። ባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ዓይኑ እዚያ ነው፤ ቤተሰብ ያለው ሰው አይፈረድበትም። ካለፉት ዓመታት የትምህርት መቋረጥ በኋላ ደግሞ የወጣው መምህር ሁሉ አልተተካም። ሁለት ሰው ያለው ዲፓርትመንት አንዱ ሲሄድበት ዲፓርትመንት አይደለም።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ለአስተዳደር ሥራ ማለትም ለክትትል ቅጽ፣ ለሪፖርት፣ ለዕቃ ጥያቄ፣ ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰነድ ሦስት ተጠሪ ብቻ ሾምኩ። ክፍለ ጊዜ የሚቀነሰው ለእነዚህ ብቻ ነው። የፈተና ዝግጅትና ምርመራ ግን በትምህርቱ መምህራን እጅ ቆየ። ለዚህም በሳምንት አንድ ቀን የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለሁለቱም የፊዚክስ መምህራን ባዶ እንዲሆን አድርጌ መርሐ ግብሩን ሠራሁ፤ ለኬሚስትሪም፣ ለባዮሎጂም፣ ለሒሳብም እንደዚሁ። መርሐ ግብሩን ማስተካከል ከባድ ነበር፣ ክፍለ ጊዜ ግን ከማንም አልወሰደም። ወረቀቱን የሚሞላ ሰውና ጥያቄውን የሚመረምር ሰው የግድ አንድ መሆን የለባቸውም።

---

የእንግሊዝኛዋ

ርዕሰ መምህር፣ ያነሡት መንገድ ጥሩ ነው። እኔ ቋንቋ የሚባለው ክፍል ላይ ጥያቄ አለኝ።

አማርኛና እንግሊዝኛን አንድ ላይ ማድረግ በወረቀት ያምራል። ግን የእንግሊዝኛ መምህር በትንሽ ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ከሳይንስ መምህራን ጋር መነጋገር ነው። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ከአማርኛ በቀር ሁሉንም በእንግሊዝኛ መማር ይጠበቅባቸዋል። ባዮሎጂ የወደቀ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ጥያቄውን በአማርኛ ብጠይቀው ይመልሰዋል። ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ያልገባው አረፍተ ነገሩ ነው።

ስለዚህ አምና የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራንን መጽሐፋቸውን ለምኜ ከዚያ ላይ አንቀጽ እየመረጥኩ የንባብ ትምህርቴን በእሱ ሰጠሁ። ስለ ጣና ዓሣ የሚል አንቀጽ ራሴ ጻፍኩ፤ ነጭ ዓሣ የሚባሉት አብዛኞቹ ዝርያዎች በሌላ አገር የሌሉ መሆናቸውን፣ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች እንደሚወጡ። ተማሪዎቹ ዓሣውን ያውቁታልና አንቀጹን አልፈሩትም፤ የማያውቁትን ቃል እንኳ እየገመቱ አለፉ። መጽሐፉ ላይ ስለ ሩቅ አገር የሚለውን ሳስነብብ እንዲህ አይሆንም።

በየትኛውም ሣጥን ብታስገቡን ከሳይንሱ ጋር የምንገናኝበት ሰዓት ስጡን። ከአማርኛ መምህሩ ጋር ጎረቤት ነን፤ ከእሱ ጋር ማንም ሳያዘን እንገናኛለን።

---

የፎገራ አባት

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ሩዝ ነው የማመርተው። ልጄ 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ናት። የተባለውን ሁሉ እንድሰማው ወንድሟ አነበበልኝ፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው።

የኔ ሐሳብ አንድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዝ ሲታጨድ ልጆች ይቀራሉ። ልክ አይደለም፣ ግን እጅ ያጥራል። ከዚያ ሲመለሱ ያመለጣቸውን ማን ይነግራቸዋል? ትምህርት ቤት ሄጄ የክፍል ኃላፊውን ስጠይቅ እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው፣ የሒሳቡን እዚያ ጠይቁ አሉኝ። እዚያ ስሄድ ሰው አልነበረም። በሌላ ቀን ግን አንዲት መምህርት ልጄ ያመለጣትን ምዕራፍ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ያ ወረቀት ልጄን አትርፏታል።

ክፍላችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ወላጅ የሚያገኘው ሰው ይኑር፣ ሰዓቱም ይታወቅ። የገበያ ቀን ቢሆን ደግሞ ለሁላችንም ይመቻል።

---

የጉማራ መምህር (ክሩን የከፈተ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባታችን፣ የልጅዎ ነገር ልቤን ነክቶታል። በገበያ ቀን ጠዋት ከእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መምህር ለወላጅ ክፍት እንዲሆን ራሴ አቀርባለሁ።

የምሄድበትን ሐሳብ ላስቀምጥ፣ ካያችሁበት አርሙኝ። ሦስት ተጠሪ መኖሩን እደግፋለሁ፤ የርዕሰ መምህሩን 49 ክፍለ ጊዜ ካየሁ በኋላ በዚያ ላይ የምከራከርበት ነገር የለኝም፤ የእኛም ቁጥር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግን ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ፈተና ያንኑ ትምህርት በሚያስተምር ሌላ መምህር ሳይታይ አይባዛ፤ ፊርማውም የሁለቱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለየትምህርቱ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ በመርሐ ግብር ይያዝ። ሦስተኛ፣ የፈተናው ፋይልና የላቦራቶሪው ቁልፍ በስም ይሰጥ። የፖሊው ወንድማችን ስለ በሩ ያለውን ደግሞ እንዲህ አስቤዋለሁ፤ አሁን ያለንን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍል አናስረክብም፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ቢሮ ብለን ሁለቱንም ከሰዓት በኋላ ክፍት እናደርጋቸዋለን። ስታፍ ውስጥ ተማሪ ማስተናገድ እንደማይቻል እኔም አይቻለሁ።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። ኢኮኖሚክስና አይሲቲ አንድ አንድ መምህር ብቻ ናቸው። የሁለት ሰው ፊርማ ስል ለእነሱ እንዴት ይሁን? አይሲቲው በተለይ ያሳስበኛል፤ ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለተጀመረ የእሱ ሥራ ከማንም ይልቅ ከብዷል። ልጆቹ ማውዝ ሳይለምዱ እዚያ ቢቀርቡ ዕውቀታቸው አይረዳቸውም።

---

ዘጌ ማዶ

ሦስቱም ጥሩ ናቸው። እኔ አሁንም ማኅበራዊው አንድ ላይ ማቀዱን እንዳታስቀሩት እላለሁ፤ ባዶ ክፍለ ጊዜውን በወር አንዴ ለጋራ ዕቅድ አድርጉት፣ የቀረውን ለየትምህርቱ።

ለኢኮኖሚክሱ ግን መፍትሔው የጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ነው። በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ቢኖራቸው እንኳ ተደምረው ሦስት አራት ይሆናሉ። እነሱ ናቸው ዲፓርትመንቱ። እኛ ዘንድ የአይሲቲ መምህሩ የሚሠራው ከሌላ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዎች ጋር ነው፤ ጥያቄ ያወጣሉ፣ ይቀያየራሉ፣ ልምምዱንም አንድ ዓይነት አድርገውታል።

---

ርዕሰ መምህር ከሜዳው

ትክክል ነው። የጉማራው ወንድሜ፣ የእኔ የኢኮኖሚክስ መምህርትም ብቻዋን ናት፤ ካንተ ባልደረባ ጋር ላገናኛት ፈቃደኛ ነኝ፣ ርቀታችንም በሚኒባስ ብዙ አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ ለሁለቱም ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው በሰኞው ስብሰባ አነሣዋለሁ፤ ያለ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት መውጣት ያስቸግራቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ ጥያቄዎቹን በቴሌግራም እንዳይላላኩ። ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ተማሪ እጅ የሚገባው በዚያ መንገድ ነው። በታሸገ ፖስታ በእጅ ይለዋወጡ፣ ያየው ሰው ከነአስተያየቱ አሽጎ ይመልስ። የምንጠቀምበትን የጥያቄ ዝርዝር ሰንጠረዥ ግን ምስጢር ስላልሆነ ነገ ጠዋት እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ በየምዕራፉ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ ማስታወስን፣ ስንቱ ማሰላትን እንደሚፈትን የሚያሳይ ነው። ለፊዚክስ የተሠራውን ነው የማስቀድመው።